የዋልታ ብርሃን ለምን ይርገበገባል?

በሰሜንና በደቡብ ዋልታዎች አካባቢ በሌሊት ሰማይ ላይ የሚታየው ባለቀለም ብርሃን አውሮራ ይባላል። አውሮራ አብዛኛውን ጊዜ እንደ መጋረጃ በዝግታ ይወዛወዛል። አንዳንድ ጊዜ ግን፣ በተለይ እጅግ በሚደምቅበት ወቅት፣ በሰከንድ ከ3 እስከ 15 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ለመሆኑ መንስኤው ምንድን ነው?

የብርሃኑ አፈጣጠር

ኤሌክትሮኖች የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ተከትለው ሲወርዱ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍታ በላይ ከኦክስጅን አቶሞችና ከናይትሮጅን ሞለኪውሎች ጋር ይጋጫሉ። በግጭቱ የተቀበሉትን ጉልበት አቶሞቹና ሞለኪውሎቹ በብርሃን መልክ ይለቁታል። ኤሌክትሮኖቹ ከፀሐይ በቀጥታ የሚወርዱ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ደማቁን መጋረጃ የሚፈጥሩት ኤሌክትሮኖች ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከመሬት በላይ በሺዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ካለ የኤሌክትሪክ መስክ ነው።

የመርገብገቡ ምንጭ

በዚያው ከፍታ የሚገኙ አዮኖች በመግነጢሳዊ መስክ መስመሮች ዙሪያ ይሽከረከራሉ። ከዚህ ሽክርክሪት ጋር የተቀራረበ ድግግሞሽ ያላቸው ኤሌክትሮመግነጢሳዊ ሞገዶች የሚወርዱትን ኤሌክትሮኖች በየተራ ያፈጥናሉ፣ ያዘገያሉም። ስለዚህ ኤሌክትሮኖቹ አየሩ ዘንድ የሚደርሱት በማዕበል መልክ ነው፤ ብርሃኑም አብሮ ይርገበገባል። በሰፊው ተቀባይነት ያለው ማብራሪያ ይህ ነው።

አንባቢው ራሱ ሊያረጋግጠው ይችላል። የሽክርክሪቱ ድግግሞሽ የሚገኘው የአዮኑን ሙል በመስኩ ጥንካሬ አባዝቶ፣ ለመጠነ ቁሱና ለ2 ፓይ ብዜት በማካፈል ነው። በ5000 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከዋልታ በላይ መስኩ 1.05×10⁻⁵ ቴስላ ገደማ ነው። የኦክስጅን አዮን ሙል 1.6×10⁻¹⁹ ኩሎምብ፣ መጠነ ቁሱ 2.7×10⁻²⁶ ኪሎ ግራም ነው። ውጤቱ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ይሆናል፤ ይህም በሰማይ ከሚታየው ጋር ይስማማል።

የቀለም ጉዳይ

አረንጓዴው የኦክስጅን ብርሃን ከአቶሙ ለመውጣት በአማካይ 0.7 ሰከንድ ስለሚፈጅ ፈጣኑን መርገብገብ ያደበዝዘዋል። የናይትሮጅን ሰማያዊ ብርሃን ግን ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ይወጣል። ተመራማሪዎች መርገብገቡን ለመለካት ከናይትሮጅን የሚወጣውን ብርሃን የሚመርጡት በዚህ ምክንያት ነው።

በየጥቂት ሰከንዱ እስከ አሥር ሰከንዶች በሚደርስ ልዩነት የሚበራና የሚጠፋው አውሮራ ግን ሌላ ክስተት ነው። የእሱን መንስኤ፣ ማለትም ኤሌክትሮኖችን ከመሬት ወገብ አቅጣጫ በሩቅ ሕዋ የሚበትኑ ሞገዶችን፣ የጃፓኗ ሳተላይት አራሴ በቀጥታ መመዝገቧ በ2018 እ.ኤ.አ. ታትሟል።

መልመጃ፦ የሃይድሮጅን አዮን መጠነ ቁስ ከኦክስጅን አዮን 16 ጊዜ ያንሳል። በዚያው ከፍታ የሽክርክሪቱ ድግግሞሽ ስንት ይሆናል? የሰው ዓይንስ ይህን ያህል ፈጣን መርገብገብ ሊለይ ይችላልን?