ስለ ወንበር ሠሪዎች ከተሞች፤ የአንድ ሙያ ሰዎች በአንድ ስፍራ የሚሰበሰቡበት ምክንያት

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

ሰው በወንበር ሲቀመጥ ወንበሩ ከወዴት እንደ መጣ አይጠይቅም። ይሁን እንጂ የዓለምን ካርታ ዘርግተን የቤት ዕቃ በብዛት የሚሠራባቸውን አገሮች ብንመረምር፤ ሙያው በየስፍራው እኩል ተበትኖ ሳይሆን በጥቂት ከተሞችና በዙሪያቸው ተሰብስቦ እናገኘዋለን። በኢጣልያ ከሚላኖ በስተ ሰሜን በብሪያንሳ፤ እንዲሁም በኡዲኔ አጠገብ በማንዛኖ፤ በቻይና በፎሻን አውራጃ በሌኮንግ፤ በአሜሪካና በጃዋ ደሴትም ነገሩ እንዲሁ ነው።

ታዲያ አንድ አናጢ ተፎካካሪ በሌለበት ስፍራ ብቻውን ቢሠራ አይሻለውምን? ስለ ምን መቶ አናጢዎች በአንድ ከተማ ይሰበሰባሉ? ይህን ጥያቄ በሦስት ከተሞች ታሪክ እንመልሳለን። የዘመኑ ቍጥር፤ ሌላ ካልተባለ በቀር፤ በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

፩፤ ስለ ሃይ ዊኮም

ሃይ ዊኮም በእንግሊዝ አገር ከሎንዶን በስተ ምዕራብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። በዙሪያዋ ያሉት የቺልተርን ኰረብቶች ቢች የሚባል ዛፍ የበዛባቸው ናቸው። የቢች እንጨት ሲደርቅ ጠንካራ ነው፤ እርጥብ ሳለ ግን ለመቅረጽ ይመቻል። በዚህ ዱር ውስጥ በ19ኛው መቶ ዓመት ቦጀር የሚባሉ ሠራተኞች ነበሩ። ቦጀር የቆመውን ዛፍ ገዝቶ፤ ቈርጦና ፈልጦ፤ በዚያው በዱሩ ውስጥ ዳስ ጥሎ የወንበር እግር ይቀርጽ ነበር።

መቅረጫውም እጅግ ቀላል ነበር። የሚለመጥ ቀጭን ግንድ ከበላይ ይደረጋል፤ ከጫፉ የወረደው ገመድ በሚቀረጸው እንጨት ላይ ተጠምጥሞ ከታች ካለው የእግር መርገጫ ጋር ይታሰራል። ሠራተኛው ሲረግጥ እንጨቱ ይሽከረከራል፤ እግሩን ሲያነሣ የተለመጠው ግንድ ቀና ብሎ ገመዱን ይመልሰዋል። እንጨቱ ወደ እርሱ በተሽከረከረ ጊዜ ሁሉ መሮውን እያስጠጋ ክብ አድርጎ ይቀርጸዋል።

ቦጀር ግን ሙሉ ወንበር አይሠራም። እግሩንና እግሩን የሚያያይዘውን ዘንግ ቈጥሮ በከተማ ላሉት ባለ ፋብሪካዎች ይሸጣል። በከተማም አንዱ ኤልም ከሚባል ዛፍ ሳንቃ መቀመጫውን ይጠርባል፤ ሁለተኛው እንጨቱን በእንፋሎት አለስልሶ ለመደገፊያ የሚሆነውን ቀስት ይለምጣል፤ ሦስተኛው ገጣጥሞ ያቆመዋል፤ አራተኛው ቀብቶ ያሳምረዋል። ሴቶችና ልጆችም በየቤታቸው ተቀምጠው የአንዳንዱን ወንበር መቀመጫ በሸምበቆ ልጣጭና በረግረግ ሣር ይጐነጕኑ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደ ተባለው ነው።

በ1854 ዓ.ም. ምድር ባቡር ወደ ከተማዪቱ ገባ፤ ወንበሩም ወደ ሩቅ አገር መላኩ ቀለለ። በ1875 ዓ.ም. በከተማዪቱ በየቀኑ 4,700 ያህል ወንበር ይሠራ እንደ ነበር ተገምቷል።

እንግዲህ የመሰብሰቡ ጥቅም ሦስት ነው። አንደኛ፤ ሠራተኛ የሚፈልግ ጌታና ሥራ የሚፈልግ ሠራተኛ ሳይንከራተቱ ይገናኛሉ። ሁለተኛ፤ መጋዝና መሮ የሚሠራ፤ ሙጫና ቀለም የሚሸጥ፤ ዕቃ የሚያጓጕዝ ሰው ለአንድ አናጢ ብቻ ብሎ አይመጣም፤ ለመቶ አናጢ ግን ይመጣል። ሦስተኛ፤ ዕውቀት ከደጅ ወደ ደጅ ይሻገራል። ልጅ በአባቱ ዘንድ ያላየውን በጎረቤቱ ዘንድ ያያል፤ ሳይነገረውም መልካሙን ሥራ ከክፉው መለየት ይለምዳል። አልፍሬድ ማርሻል የተባለ የእንግሊዝ የኢኮኖሚ ሊቅ በ1890 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ እነዚህን ምክንያቶች ገልጧል።

ከሦስቱም የሚበልጠው ሦስተኛው ነው። ሠራተኞቹን አስቀድሞ ወደ ስፍራው የሳባቸው ዛፍ ነበር፤ ያጸናቸው ግን ዕውቀት ነው። በኋላ ዘመን እንጨቱ ከባሕር ማዶ መምጣት ሲጀምር እንኳ ሙያው ከሃይ ዊኮም አልተነሣም። ሉቺያን ኤርኮላኒ በኢጣልያ በ1888 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ነበር። በዚህች ከተማ ባለው የጥበብ ትምህርት ቤት የዕቃ ንድፍ አስተማረ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው ኤርኮል የተባለውን ፋብሪካ አቆመ። በ1944 ዓ.ም. የእንግሊዝ መንግሥት በርካሽ ዋጋ የሚሸጥ 100,000 ወንበር ባዘዘው ጊዜ ሊሠራው የቻለው የሠለጠነ እጅ በአጠገቡ ስለ ነበረ ነው።

፪፤ ስለ ግራንድ ራፒድስ

ግራንድ ራፒድስ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በወንዝ ዳር የተቈረቈረች ከተማ ናት። ወንዙ ግንዱን ከዱር ተሸክሞ ያመጣል፤ የውሃውም ኀይል የፋብሪካውን መጋዝ ያንቀሳቅስ ነበር። በ1876 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ዕቃዋ ተደንቆ ስሟ ተሰማ፤ ከ1878 ዓ.ም. ጀምሮም ነጋዴዎች በየጊዜው የሚሰበሰቡበት ገበያ ቆመላት። «የቤት ዕቃ ከተማ» ተብላ ተጠራች።

ነገር ግን መሰብሰብ ለሠራተኛው ብቻ ሳይሆን ለጌታውም ኀይል ይሆነዋል። ባለ ፋብሪካዎቹ ማኅበር አቁመው በደመወዝ ነገር ይመካከሩ ነበር። በ1911 ዓ.ም. በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች የቀኑ ሥራ ከ10 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት ዝቅ ይበልልን፤ ደመወዝም ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። አራት ወር ያህል ታግሠው የጠየቁትን ሳያገኙ ተመለሱ። አንድ ሙያ ብቻ ባለበት ከተማ ጌቶች ሁሉ ቃላቸውን አንድ ካደረጉ ሠራተኛው ወደ ማን ይሄዳል? እንግዲህ የከተማ መበልጸግ ብቻውን ለድካመኛው ፍርድ አያመጣም፤ ሕግና ማኅበር ያስፈልገዋል።

ከዚህም በላይ የሚሺጋን ዱር እየተመነጠረ አለቀ። በደቡብ በሰሜን ካሮላይና ያለችው ሃይ ፖይንት ደግሞ እንጨቱም ጕልበቱም ርካሽ ሆኖላት ተነሣች፤ በ1909 ዓ.ም. የራሷን ገበያ ከፍታ ሥራውን ቀስ በቀስ ወሰደች። ግራንድ ራፒድስ ግን ሞያዋን ለወጠች እንጂ አልጠፋችም። በ1912 ዓ.ም. በከተማዪቱ የቆመው፤ በኋላም ስቲልኬስ የተባለው ኩባንያ ከብረት የመሥሪያ ቤት ዕቃ መሥራት ጀመረ፤ በአካባቢዋም ይህንኑ የመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚሠሩ ሌሎች ትልልቅ ኩባንያዎች አደጉ። በተራዋ ሃይ ፖይንትም ተፈተነች። ቻይና በ2001 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች በኋላ ርካሽ ዕቃ ከባሕር ማዶ ጐረፈ፤ በሰሜን ካሮላይና ብዙ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ገበያዋ ግን ዛሬም በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆማል።

፫፤ ስለ ጄፓራ

ጄፓራ በጃዋ ደሴት በሰሜን ባሕር ዳር ያለች፤ ቲክ በሚባል ብርቱ እንጨት ላይ ሐረግና አበባ በመቅረጽ የታወቀች አገር ናት። በ1879 ዓ.ም. በዚያ የተወለደችው የአገረ ገዢው ልጅ ካርቲኒ ለሴቶች ትምህርት የደከመች ናት፤ ለቀራጮቹም ከሩቅ ገዢ እየፈለገች ሥራቸውን አስከበረች። በዚያ አገር ሥራው በትልቅ ፋብሪካ ብቻ አይደለም፤ በየቤቱ ጓሮ ያለው ትንሽ መሥሪያ ቤት በሺህ ይቈጠራል።

በ1997 ዓ.ም. የእስያ ገንዘብ በወደቀ ጊዜ የጄፓራ ዕቃ ለውጭ ገዢ እጅግ ረከሰ። ነጋዴዎች ከየአገሩ ጐረፉ፤ መሥሪያ ቤቱም በዛ። ነገር ግን ቲክ ለመድረስ አሥራ አምስት ዓመት እንኳ አይበቃውም፤ መልካሙ እንጨት ብዙ አሥርተ ዓመታት ይፈልጋል። ከ1998 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ዱሩ ያለ ፈቃድ ተቈረጠ። ጎረቤት ከጎረቤት ዋጋ እየሰበረ ሲሸጥ ትርፉ ለመካከለኛው ነጋዴ ሆነ፤ ቀራጩ ግን ብዙ ሠርቶ ጥቂት አገኘ። ሰው ተሰብስቦ ሳይመካከር ከቀረ መሰብሰቡ ራሱ እንደሚጐዳው ከዚህ እንማራለን።

፬፤ ለአገራችን የሚሆን ምክር

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከአንድ ግንድ የሚቀረጸው ባለ ሦስት እግር በርጩማ የጅማ ስም የሚጠራበት ሥራ ነው። ጅማም በእንጨት ሥራ የታወቀችው ዛፍ ስላላት ብቻ አይደለም፤ ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፤ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ስለ ተላለፈ ነው።

በአገራችን ለእጅ ሙያ ዋናው ጠላት የእንጨት እጦት ብቻ አልነበረም፤ ንቀት ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን፤ ሸማ የሚሠራውን፤ ቆዳ የሚፍቀውን በክፉ ስም መጥራት የቈየ ልማድ ነው። ዐፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ። አዋጅ አፍን ሊዘጋ ይችላል፤ ልብን የሚያቀና ግን ትምህርት ነው። አባቱ አናጢ በመሆኑ የሚያፍር ልጅ ሙያውን አይወርስም፤ አንድ ትውልድ ሳይማር ካለፈም ብዙ ዘመን የተከማቸው ዕውቀት ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል። የተቈረጠ ዱር ቢተከል ይበቅላል፤ የጠፋ ሙያ ግን ዘር የለውም።

ስለዚህ የአገር ሽማግሌዎች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። የሚቈረጠውን ዛፍ የሚተካ ችግኝ ያስተክሉ፤ የአንድ ሙያ ሰዎች ዋጋ ከመስበር ይልቅ ማኅበር አቁመው እንዲመካከሩ ያስማሙ፤ ሙያተኛውንም በሸንጎና በድግስ እንደ ማንኛውም ባለ ማዕረግ ያክብሩ። መምህሩም በመንደሩ ያለውን ባለ ሙያ ወደ ትምህርት ቤቱ ይጋብዘው፤ ልጆቹ ቆመው ይቀበሉት፤ ሥራውንም አይተው ይጠይቁት።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1ኛ፤ ሃይ ዊኮም የወንበር ከተማ የሆነችው ስለ ምንድር ነው? ዛፉ ባለቀ ወይም ከሩቅ በመጣ ጊዜ ሥራውን ያጸናው ምንድር ነው?

2ኛ፤ ግራንድ ራፒድስ ዱሯ ካለቀ በኋላ በምን ዳነች?

3ኛ፤ የጄፓራ ቀራጮች ብዙ ሠርተው ጥቂት ያገኙት ስለ ምን ነው?

4ኛ፤ በመንደራችን የትኛው ሙያ ነው ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቀው የሌለ? ከዚያ ሰው ዘንድ የሚማርስ ማን ነው?

አራተኛው ጥያቄ መልሱ በመጽሐፍ አይገኝም። መምህሩ ልጆቹን ወደየቤታቸው ልኮ ያስጠይቃቸው፤ ያገኙትንም የባለ ሙያ ስም በትምህርት ቤቱ መዝገብ ይጻፍ።