ስለ እርጅናና ስለ አእምሮ ፍጥነት

አንድ ሽማግሌ የጠየቅናቸውን ስም ለማስታወስ ጥቂት ሲዘገዩ፣ እኛ ወጣቶች «ጃጅተዋል» ለማለት እንቸኩላለን። ይህ ፍርድ ትክክል መሆን አለመሆኑን ለመመርመር፣ ምንም እንኳ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ብንሆን፣ የሳይንስ ተማሪዎች ጓደኞቻችን የሚያጠኑትን ጥቂት መመልከት ይገባናል።

የአንጎል ሕዋሳት እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአብዛኛው በኬሚካል አማካይነት ነው። አንደኛው ሕዋስ ኬሚካሉን ይለቃል፤ ሁለተኛው ተቀብሎ መልእክቱን ያስተላልፋል። ነርቭ ለልብ መልእክቱን የሚያደርሰው በኬሚካል መሆኑን ኦቶ ሎዊ እ.ኤ.አ. በ1921 በእንቁራሪት ልብ ላይ ባደረገው ሙከራ አሳየ። ይህም ኬሚካል አሴቲልኮሊን የተባለው ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ስዊድናዊው አርቪድ ካርልሶን ዶፓሚን በአንጎል ውስጥ ራሱን የቻለ መልእክተኛ መሆኑን አስረዳ፤ ስለዚህም ሥራው በ2000 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ዶፓሚን ሐሳብን ለመሰብሰብና አንድን ነገር ለጥቂት ጊዜ በልቡና ይዞ ለማሰላሰል ይረዳል። ዶፓሚንን የሚቀበሉት የአንጎል ክፍሎች ግን ከሃያዎቹ ዕድሜ ገደማ ጀምሮ ቀስ በቀስ እየቀነሱ ይሄዳሉ። እንግዲህ ነገሩ የሚጀምረው በአያቶቻችን ዕድሜ ሳይሆን በእኛው ዕድሜ ነው። ከዚህም የተነሣ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ ማሰብ፣ አዲስ ነገርም ቶሎ መያዝ እያደር ይከብዳል። በዘመን የተከማቸው ዕውቀትና የቃላት ሀብት ግን በዚያው መጠን አይጠፋም፤ እንዲያውም በብዙ ሰዎች ዘንድ እስከ ስድሳዎቹ ዕድሜ ይበረክታል። ጎተራው ሙሉ ነው፤ የጠበበው በሩ ነው።

የአልዛይመር በሽታ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ በሽታ አሴቲልኮሊን የሚያመነጩት ሕዋሳት ክፉኛ ይጎዳሉ፤ የማስታወስ ኃይልም አብሮ ይወድቃል። በ1996 በአሜሪካ የተፈቀደው ዶኔፔዚል የተባለ መድኃኒት ኬሚካሉ ቶሎ እንዳይፈርስ በማድረግ ምልክቱን ለጊዜው ያቀላል እንጂ በሽታውን አያድንም። ሆኖም መርሳት ሁሉ ከዚህ በሽታ የመጣ አይደለም፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ዕጢ መድከምና የመንፈስ ጭንቀትም ያስረሳሉ፤ እነዚህም ይታከማሉ።

ስለዚህ ከሁለት ስሕተት እንጠበቅ። የዘገየውን ጃጀ ብለን ከምክር አናግልለው፤ መልሱን እስኪያገኝ እንታገሠው። የቤቱ መንገድ የሚጠፋበትን፣ አንድን ጥያቄ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ደግሞ «እርጅና ነው» ብለን አንተወው፤ ወደ ሐኪም እንውሰደው። የመጀመሪያው ስሕተት ምክር ያሳጣናል፤ ሁለተኛው ግን ሊድን የሚችለውን ሰው ያሳጣናል።