የአስታማሚዋን ቤት ማን ያስታምመው?



ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ከሮቤ ወደ ደሎ መና ስወርድ፥ መኪናችን የሳነቴን ብርድ አልፎ ሐረና ጫካ እንደገባ፥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጎረቤታችን መሆኗን ለየሁ። በልጅነቴ «እትዬ» እያልሁ የምጠራት ናት። ጎባ ሆስፒታል ስለ ወገቧ ታይታ መመለሷ ነበር። ስድስት ዓመት በዐረብ አገር ሽባ የሆኑ አሮጊት አስታማ ነበር። «ከአልጋ የማነሣቸው፥ የማጥባቸው እኔ ብቻ ነበርሁ» አለችኝ። ቀጥላም እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እኔ የሰው እናት ሳነሣ የእኔን እናት ማን አነሣት መሰለሽ? ልጄ ናት። ትምህርቷን ትታ።»

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው።

የተያያዘው ሸክም

ነገሩን በረጋ መንፈስ እንመልከተው። እትዬ የባዕድ እናት ታስታምማለች። እናቷ ደግሞ መና ላይ ሁለት የልጅ ልጆች ታሳድጋለች። አያት ስትታመም ሸክሙ በ13 ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ዐረፈ። ሦስቱም የሠሩት ሥራ አንድ ነው፤ ሰውን መንከባከብ። ደመወዝ የሚከፈልበት ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ገንዘቡ መጥቀሙን ማንም አይክድም። የቤቱን ክዳን ቆርቆሮ አድርጓል፤ ለልጆቹ ደብተርና ጫማ ገዝቷል። ይሁን እንጂ ያ ሁሉ የቆመው በአንዲት ሴት ወገብ ላይ ነበር። ወገቡ ሲጎዳ ገንዘቡ ቆመ፤ የተጠራቀመችውም ለሕክምና አለቀች። እንግዲህ የሚላክ ገንዘብ ገቢ ነው እንጂ ዋስትና አይደለም።

ማኅበራዊ ዋስትና ምንድን ነው?

ለዚህ ከእድር የቀረበ ምሳሌ የለንም። ሁሉም በደኅና ቀን ጥቂት በጥቂት ያዋጣል፤ ክፉ ቀን ለደረሰበት የሁሉም መዋጮ ይደርስለታል። የመንግሥት ሥርዓትም መሠረቱ ይኸው ነው። በአገራችን በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው ከደመወዙ 7 በመቶ፥ አሠሪውም 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላሉ። ለእትዬ ግን የባሕር ማዶ አሠሪዋ ለዚህ ፈንድ አንድም ሳንቲም አልከፈለም። ስድስት የሥራ ዓመቷ በአንድም የጡረታ መዝገብ ላይ የለም።

በሄዱበት አገር

በብዙዎቹ የዐረብ አገሮች «ከፋላ» የሚባል ሥርዓት ሲሠራበት ኖሯል። የሠራተኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፥ ቤቱን ጥላ ብትወጣ ሕገ ወጥ ትባላለች። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ከሽፋኑ አስቀርቷል። በ2012 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ የዚያ አገር ኢኮኖሚ ሲናጋ፥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ከነሻንጣቸው ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ዓለም አይቷል።

ሕግ የወጣበትም አገር አለ። ኩዌት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ለቤት ሠራተኞች የሳምንት ዕረፍትን፥ የዓመት ፈቃድንና የስንብት ክፍያን ደንግጋለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2011 ባጸደቀው ስምምነት ቁጥር 189፥ የቤት ሠራተኞች በማኅበራዊ ዋስትና ረገድ ከሌሎች ሠራተኞች እንዳያንሱ ይጠይቃል። ሕግ ግን በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል፤ ማን ገብቶ ያያል?

በአገራችን ሕግ

መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የሥራ ጉዞውን አገደ። ከተከታዩ ኅዳር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተመለሱ። እገዳው እስከ ጥር 2010 ዓ.ም. ቢቆይም ችግሩ አልታገደምና ሰው በደላላ እጅ መሄዱን አላቋረጠም። እትዬም የወጣችው በዚያ ዘመን ነው። ለደላላው የተከፈለው የቡና ሽያጭና የአንዲት ላም ዋጋ ነበር፤ በእጇ ግን ውል የሚባል ወረቀት አልነበረም።

በዐዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ጉዞው ስምምነት ወደ ተፈረመባቸው አገሮች ብቻ ነው። ዕድሜዋ 18 ያልሞላ አትሄድም። የቪዛውን፥ የደርሶ መልስ ትኬቱን፥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፥ የመድኑንም ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። ኤጀንሲውም ለሠራተኞች መብት ማስከበሪያ ገንዘብ ያስይዛል። ዐዋጁ በ2013 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል። ይህን የማያውቅ ወላጅ አሠሪው ሊከፍል የሚገባውን ትኬት ላሙን ሸጦ ይከፍላል።

የቀረው ጉድለት

ይህ ሁሉ የሚመለከተው ሠራተኛዋን ነው። አያቲቱና ልጆቹ የታሉ? በመጽሐፍ ቅዱስ የአጋርን ታሪክ እናውቃለን። ግብፃዊት ሆና በባዕድ ቤት ያገለገለችው ሴት ከነልጅዋ ስትሰናበት የተሰጣት እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ነበር። ውኃው ሲያልቅ ግን የልጅዋን ልቅሶ የሰማ አምላክ ነበር። በእኛ ሰፈር የልጅቱን ልቅሶ የሰማ ማን ነው?

ሌሎች የጀመሩት መንገድ አለ። ፊሊፒንስ እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀ ሕግ፥ ዕድሜያቸው ከ60 ያልበለጠ በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎቿ በአገራቸው የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት እንዲመዘገቡ አስገድዳለች። የሥራ ዓመታቸው በአገራቸው መዝገብ ይቆጠራል ማለት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

እስከዚያው ድረስ ከእጃችን ያልራቁ ነገሮች አሉ።

1ኛ. ከመሄድ በፊት የውሉ ግልባጭ፥ የአሠሪው አድራሻና የኤጀንሲው ስም በቤተሰብ እጅ ይቅር።

2ኛ. ለአያቲቱ ሕጋዊ ውክልና ይሰጥ፤ የልጆቹም የልደት ምስክር ወረቀት ይውጣ። ያለዚህ ሕክምናውም ትምህርት ቤቱም በየምክንያቱ ያስቸግራል።

3ኛ. ከሚላከው ገንዘብ፥ ከቆርቆሮው በፊት፥ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የዓመት መዋጮ ይከፈል። ከመዋጮው በኋላም ጥቂት በራሷ ስም ባንክ ይቀመጥ።

4ኛ. የእድራችን ደንብ ይታይ። እትዬ በዚያ አገር ሞታ አስከሬኗ ቢመጣ ኖሮ፥ እስላም ክርስቲያን ሳይባል ሰፈሩ ወጥቶ፥ ድንኳን ተተክሎ፥ ንፍሮ ተቀቅሎ ይለቀስላት ነበር። ታማ በሕይወቷ ስለ ተመለሰች ግን በደንቡ ላይ ስለ እርሷ የተጻፈ አንድ መስመር የለም። ለሞት የሚያዋጣ ሰፈር ለሕይወት ማዋጣት ያቅተዋልን?

5ኛ. እኛ ወጣቶች ገንዘብ ባይኖረን ጉልበት አለን። ውኃ መቅዳት፥ በሽተኛ ማገላበጥ፥ ጤና ጣቢያ ማድረስ በተራ ቢሆን፥ አንዲት ተማሪ ከክፍሏ አትቀርም ነበር።

የእትዬ ልጅ ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍልን ትደግማለች። ከመኪና ስንወርድ መናኸሪያው ላይ ቆማ እናቷን ትጠብቅ ነበር። ዘንቢሉን ከእናቷ እጅ ተቀበለች፤ ሳትጠየቅም ወገቧን ደግፋ ወሰደቻት። አያያዟ የለመደ ሰው አያያዝ ነበር። ይህን ሥራ በዚህ ዕድሜዋ ማወቅ አልነበረባትም።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ. በሰፈራችሁ እናታቸው በባሕር ማዶ የምትሠራ ልጆችን የሚንከባከበው ማን ነው? እርሱ ቢታመምስ?

ለ. በሚላክ ገንዘብና በዋስትና መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?

ሐ. በእድራችሁ ደንብ ላይ ስለ ሕመምተኛ የተጻፈ አለ? ከሌለ ምን ተብሎ ቢጻፍ ይሻላል?