የቅዱስ ያሬድ ዜማና የእኛ ድርሻ



በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን የምናስበው ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተነሣ የአክሱም ሊቅ ነው። ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን በግዕዝ፣ በዕዝልና በዓራራይ ዜማ ደርሶልናል። የዜማው ምልክት በብራና ቢጻፍም ከመምህር አፍ ካልተሰማ አይያዝም። ስለዚህም የድጓ ተማሪ ዓመታት ደክሞ፣ ጋይንት ቤተልሔም ወርዶ ያስመሰክራል። ተማሪ ሲጠፋ መጽሐፉ ቢቀርም ዜማው ይጠፋል።

ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት ከብዶት ሲሸሽ፣ ትል ደጋግሞ ወድቆ ዛፍ ላይ ሲወጣ አይቶ ተመለሰ። እኛም በዓሉን በጭብጨባ ብቻ አንለፈው፤ ከመሪጌታችን እግር ሥር ተቀምጠን ለየበዓሉ አንድ ወረብ በቃላችን እናጥና።

አምላከ ቅዱስ ያሬድ ይርዳን፤ አሜን።