ውል ሲያበቃ፦ የጃፓን ቤዝቦልና የኢትዮጵያ እግር ኳስ ተጫዋቾች ክለብ የመቀየር መብት በንጽጽር

ከዳባት ወይም ከደባርቅ ሜዳ ተነሥቶ በጎንደሩ ፋሲል ከነማ የሚፈርም ወጣት ውሉ ሲያበቃ ክለብ መቀየር ይችላል። ይህ መብት ምን ያህል የመደራደር ኃይል እንደሚሰጠው ለመመዘን የጃፓን ቤዝቦል ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው።

በጃፓን አዲስ ተጫዋች ክለቡን አይመርጥም፤ ክለቦች በየዓመቱ በሚያካሂዱት ምልመላ የመደራደር መብቱን ያገኘው ክለብ ብቻ ያስፈርመዋል። ውሉ ቢያበቃም ክለቡ ሊያቆየው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በተጀመረው ሥርዓት ተጫዋቹ በአገር ውስጥ ነፃ የሚሆነው በዋናው ቡድን 8 ዓመት ሲያገለግል ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከድርጅት ቡድን ለተመለመለ 7 ዓመት ይበቃል። ወደ ውጭ ለመሄድ 9 ዓመት ያስፈልጋል። አንድ ዓመት የሚባለው 145 የምዝገባ ቀን ነው። ከፍተኛ ደመወዝተኛ የነበረ ተጫዋች በአገር ውስጥ ክለብ ሲቀይር የቀድሞ ክለቡ ካሣ ያገኛል። ስለዚህ ነፃነቱ በአገልግሎት ዘመን ይገኛል።

በኢትዮጵያ ግን መሠረቱ የፊፋ ደንብ ነው። ውል ከ5 ዓመት፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች ደግሞ ከ3 ዓመት አይበልጥም። በመጨረሻዎቹ 6 ወራት ተጫዋቹ ከሌላ ክለብ ጋር መፈራረም ይችላል፤ ውሉ ሲያበቃም ያለ ዝውውር ክፍያ ይሄዳል። ነፃነቱን የሚወስነው የውሉ ማብቂያ ቀን ነው።

ሆኖም ነፃነት ብቻውን ዋጋ አያስገኝም። በ2011 ዓ.ም. የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ሲወሰን፣ ጣሪያው ላይ ለደረሰ ተጫዋች ክለብ መቀየር ደመወዝ የሚያስጨምርበት መንገድ ተዘጋ። ለድርድር የቀረው የውሉ ዘመንና የክፍያው አስተማማኝነት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ያሳደገው ክለብ ነው። የፊፋ የማሰልጠኛ ካሣ ተጫዋቹ 23 ዓመት የሚሞላበት የቀን መቁጠሪያ ዓመት እስኪያበቃ ለአገር ተሻጋሪ ዝውውር ይሠራል። ለአገር ውስጥ ዝውውር የማበረታቻ ሥርዓት መዘርጋት የየአገሩ ፌዴሬሽን ድርሻ ነው። ያለዚህ ሥርዓት ውሉን ጨርሶ የሚሄድ ወጣት ላሳደገው የገጠር ሜዳ የሚተወው ገንዘብ የለም።

ስለዚህ የጃፓን ረጅም የአገልግሎት ዘመን ለኢትዮጵያ አርአያ ሊሆን አይገባም፤ የተጫዋቹን ዕድሜ ይበላል። ሊወሰድ የሚገባው ነፃነትን ከካሣ ጋር የማስተሳሰር ሐሳብ ነው። ካሣውም እንደ ጃፓን ለመጨረሻው ክለብ ብቻ ሳይሆን፣ ልጁ ኳስ ለተማረበት ለደባርቅና ለዳባት ሜዳ ሊደርስ ይገባል።