ገላጭ ድርሰት፦ አይቶ መጻፍ

ገላጭ ድርሰት የአንድን ነገር መልክ፣ ጠባይና ሁኔታ አንባቢው በዓይኑ እንዳየው አድርጎ የሚያቀርብ የድርሰት ዓይነት ነው። ስለዚህ ጸሐፊው አስቀድሞ ራሱ በሚገባ ማየት ይኖርበታል። «በዛፉ ላይ ብዙ የሚያማምሩ ወፎች ነበሩ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ። የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ዛፉ የቱ ነው? ወፎቹስ ምን ያደርጉ ነበር? ይህን ዓረፍተ ነገር ቀና ብሎ ዛፉን ያላየ ሰውም ሊጽፈው ይችላል።

እስቲ በበጋ ወራት ቅጠሉን አርግፎ ቀይ አበባ ባወጣ ኮርች አጠገብ ቁሙ። ጸጥ ብላችሁ ብትጠብቁ፣ ቀጭንና ቆልማማ መንቁር ያለው፣ ከጅራቱ መካከል ሁለት ረጃጅም ላባዎች የወጡለት ወፍ የአበባውን ወለላ ሲቀስም ታዩ ይሆናል። ይህ የደጋ ወፍ በሳይንሳዊ ስሙ የተከዜን ወንዝ ስም ይዟል። ወንዱ ከሩቅ ሲታይ ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ግን ላባው የሚያብለጨልጭ ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። በጥላ ብቻ አይቶ «ጥቁር ነው» ብሎ የጻፈ ተማሪ ተሳስቷል፤ «በጥላው ውስጥ ጥቁር መሰለኝ» ያለው ግን እውነቱን ጽፏል። ሴቷም ደብዛዛ ቡናማ በመሆኗ፣ ለችኩል ተመልካች የሌላ ወገን ወፍ ትመስለዋለች።

ከዛፉ ወደ ገደሉ እንለፍ። በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ፣ ውኃው ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ የሚወርድ ጥልቅ ሸለቆ አለ። ከአፋፉ የቆመ ሰው አሞራን ቁልቁል ሊያይ ይችላል፤ የሚታየውም ሆዱ ሳይሆን ጀርባው ነው። ስለዚህ ጸሐፊ የቆመበትን ስፍራ ለአንባቢው ማስታወቅ ይገባዋል። በዚያ ከሚታዩት አሞሮች አንዱ አጥንት ይዞ ሽቅብ ይወጣና ከዓለት ላይ ይለቀዋል፤ ሲሰበርም ወርዶ ስብርባሪውንና መቅኑን ይበላል። ለዚህ ሁሉ «በረረ» የሚለው ግሥ ብቻውን አይበቃም፤ «አንዣበበ»፣ «ሽቅብ ወጣ»፣ «ቁልቁል ተወረወረ» የሚሉት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

እንግዲህ ቅጽል ከመደርደራችሁ በፊት አስተውሉ፤ ያላያችሁትንም አትጨምሩ። በትክክል የተገለጸች አንዲት ወፍ፣ በጅምላ ከተጠቀሱ መቶ ወፎች ይልቅ በአንባቢው ልብ ትቀራለች።

መልመጃ

1. በአካባቢያችሁ አንድ ያበበ ዛፍ መርጣችሁ ለግማሽ ሰዓት ተመልከቱ፤ ያያችሁትን በማስታወሻ ያዙ።
2. ከማስታወሻችሁ «ነው» የሚባለውንና «መሰለኝ» የሚባለውን ለዩ።
3. በማስታወሻችሁ መሠረት ባለ ሁለት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።