ከበረሃ የተመለሰ ወጣትና የማኅበራችን ተራ

በዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት የሚነበበው የመጻጉዕ ታሪክ በካህናትም በምእመናንም ዘንድ የታወቀ ነው። ያ ሰው 38 ዓመት ታሞ ተኝቶ ነበር። ጌታ መዳን ይወድ እንደሆነ ሲጠይቀው፣ ያመለከተው የደዌውን ጽናት ሳይሆን ወደ መጠመቂያይቱ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። እኛም በሱስ ስለተያዙ ወገኖቻችን ስንነጋገር ስለ ዓረቄው፣ ስለ ጫቱና ስለ ሲጋራው ብዙ እንላለን፤ ሰው ስለማጣታቸው ግን የምንናገረው ጥቂት ነው።

ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ለአረምና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳሉ። በዚያ ቀኑን በፀሐይ ሲደክሙ ይውላሉ፤ ሌሊቱን ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር በዳስ ያድራሉ። የንስሐ አባት ሩቅ ነው፤ በዓሉን የሚያስታውስ፣ አመሻሽቶ ሲገባ የሚቆጣ ወላጅም የለም። የዕለቱ ገንዘብ በእጅ ነው፤ ዓረቄውም ቅርብ ነው። ሲሄዱ ስለ ወባና ስለ ካላዛር እንመክራቸዋለን፤ መልካም ነው። ስለ ምሽቱ ብቸኝነት ግን የሚመክራቸው እምብዛም የለም።

በዚህ ረገድ ከሩቅ አገር የተገኘ አንድ ጥናት ያስተምረናል። አሜሪካ በቬትናም ስትዋጋ ከወታደሮቿ ብዙዎቹ ሄሮይን የተባለውን አደንዛዥ ዕፅ ለምደው ነበር። ሊ ሮቢንስ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1971 ወደ አገራቸው የተመለሱትን ወታደሮች ተከታትለው ሲያጠኑ፣ ከአምስቱ አንዱ ያህል በዚያ ሳለ በሱስ ተይዞ እንደነበር ተረዱ። መንግሥትም ሱሰኞቹ አገሩን ይሞላሉ ብሎ ሰግቶ ነበር። ነገር ግን ከእነዚያ ሱሰኞች መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት ዳግመኛ በሱስ የተያዙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ሆነው ተገኙ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ዕፁ በአገራቸው ውድና በቀላሉ የማይገኝ መሆኑም ረድቷል። ቢሆንም ጦርነቱንና የዕፅ ጓደኞቹን ትቶ ወደ ቤተሰቡና ወደ ሥራው የገባ ሰው ሱሱን ከኋላው ሊተው እንደሚችል ታየ።

የእኛ ነገር የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ከመተማ የተመለሰው ወጣት ዓረቄውን በነፋስ መውጫም፣ በወገዳም፣ በመካነ ኢየሱስም በርካሽ ያገኘዋል። ስለዚህ ከመጠጡ መራቅ የሚችለው የሚቀበሉት ሰዎች ካገኘ ነው። ማን ይቀበለዋል? እድሩ፣ ሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ በአብዛኛው የአባወራና የእማወራ ናቸው። ጎጆ ያልወጣና መሬት የሌለው የ20 ዓመት ልጅ ስሙ በመዝገባቸው የለም፤ ተራም አይደርሰውም። አባወራ ከማኅበር ቢቀር ሙሴው «ምን ሆኖ ቀረ?» ብሎ ሰው ይልካል፤ ይህ ልጅ ግን ወር ሙሉ ቢጠፋ የሚልክበት የለም። ስሙን በመዝገብ ይዛ የምትጠብቀው ዱቤ የሰጠችው ዓረቄ ሻጭ ብቻ ናት።

ሌላም ልንሸሽገው የማይገባ ነገር አለ። ማኅበራችን ራሱ የሚሰበሰበው በጠላ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ሕጉ ግን እስከ ደጀ ሰላሙ ጋን ድረስ አይዘልቅም። ጠላው ከማኅበር ይውጣ ለማለት አይደለም፤ የአባቶች ሥርዓት ነው። ነገር ግን መጠጥ ለመተው የሚታገለውን ሰው «በሞቴ» እያሉ ማስጠጣት ፍቅር ሊባል አይችልም። ብርዝ ወይም ውሃ ቢቀርብለት ማኅበሩ የሚጎድልበት ነገር የለም።

ሰበካ ጉባኤው ወደ በረሃ የወረዱትን በስም ቢያውቅ፣ የንስሐ አባትም ከመሄዳቸው በፊት ቢያናግራቸው የመጀመሪያው ሥራ ተሠራ ማለት ነው። ሲመለሱ ሁለት ሰዎች፣ ቢቻል አንዱ የሰንበት ትምህርት ቤት እኩያቸው የሆነ፣ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቋቸው። ድግስ ለብቻው ማውጣት የማይችለው ወጣት ከአንድ አባወራ ጋር ተጋርቶ የማኅበሩን ተራ እንዲይዝ ይፈቀድለት፤ በደቦና በቤተ ክርስቲያን ጥገናም የታወቀ ድርሻ ይሰጠው። በጉባኤ መካከል ስሙን ጠርቶ መገሠጽ ግን ካለበት አርቆ ይሰደዋል። በንስሐ የሰማነውም በኮሚቴ አይነገርም።

በመጨረሻም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ስላለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ አብዝቶ ይጠጣ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መንቀጥቀጥ፣ እንደሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥና መቃዠት ሊይዘው ይችላል፤ ሳይታከም ቢቀር ሊሞትም ይችላል። ስለዚህ ጸበል የሚገባውም ቢሆን አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ይየው። ከስማዳ ቆላ ጤና ጣቢያ ለመድረስ መንገዱ ረጅም በመሆኑ፣ በሌሊት ቢታመም ቃሬዛውን እነማን እንደሚሸከሙ ከወዲሁ ይወሰን።